የአርባ አንዱ ስም

እማማ ዳዝባ በግ እያረቡ፣ ምንጣፍ እየሸመኑ የኖሩ፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከናቫሆ የተወለዱ ሴት ነበሩ። ባላቸው ሃሪሰን በዩራኒየም ማዕድን ጉድጓድ አቧራ ሳንባው አልቆ ከሞተ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ መንግሥት ለመበለቶች ካሳ እሰጣለሁ አለ። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ የእህታቸው ልጅ እኔ ላስተረጉምላቸው ወደ መንደሩ አዳራሽ አብሬአቸው ሄድኩ።

የመጣው ሹም ላቡን እየጠረገ፣ «የጋብቻ ወረቀት?» አለ።

«ከአንድ ቅርጫት የበቆሎ ገንፎ በልተን ነው በወጋችን የተጋባነው በይው» አሉኝ። «ወረቀቱን በላነው!»

ወረፋ የያዙት መበለቶች በሳቅ ፈረሱ። ሹሙ አልሳቀም።

«ጉድጓድ ውስጥ መሥራቱንስ የሚያሳይ መዝገብ አለ?»

ኩባንያው ከተዘጋ ቆይቷል። መዝገቡ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

«መዝገብ ነው የፈለገው?» አሉ እማማ። «እንግዲያው ይጻፍ።»

እኛ ዘንድ የሞተ ሰው ስም እንዲሁ አይጠራም። እሳቸው ግን ዐይናቸውን ጨፍነው የሞቱትን ሠራተኞች ስም አንድ በአንድ መጥራት ጀመሩ። ሠራተኞቹ የሰፈሩበት ቦታ ልብስ አጣቢ ነበሩና እያንዳንዱን ያውቁታል፤ ጎሳውን፣ የገባበትን ጉድጓድ፣ ከድንጋዩ ሲንጠባጠብ የጠጣውን ውሃ፣ ማሳል የጀመረበትን ክረምት፣ ሸሚዙ ሲታጠብ ውሃው ምን ያህል ቢጫ እንደነበር። የባሏን ስም የሰማች ሁሉ ካለችበት ብድግ ትላለች።

ሃያ ሦስተኛው አባቴ ነበር። ሲሞት የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ያፏጭ እንደነበር ያን ቀን ሰማሁ። እማማ እስክተረጉመው ጠበቁኝ።

አርባ አንድ ስም ጠሩ፤ ኪ የሚባለው ሲጠራ ብቻ ብድግ ያለ ዘመድ አልነበረም። ሹሙ ብዕሩን አስቀምጦ ተነሥቶ ቆመ።

በወሩ ሌላ ሹም መጥቶ ሊያጣራ ጠየቃቸው። ቅደም ተከተሉ እንኳ ሳይዛነፍ ደገሙት። የናቫሆ ፍርድ ቤት ቃላቸውን በመሐላ ተቀበለ፤ የገንፎውንም ጋብቻ አጸደቀ።

በሦስተኛው ዓመት ደብዳቤ ደረሳቸው። ካሳው ተፈቅዷል፤ መንግሥትም ይቅርታ ይጠይቃል ይላል። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

«ለሌሎቹስ ተጽፏል?»

«ለአስራ አንድ ቤተሰብ ደርሷል፣ እማማ። የእርስዎ አስራ ሁለተኛው ነው።»

ሻላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። «ተነሺ፣ መኪናውን አስነሺ። የኪ ልጆች ከሸለቆው ማዶ ናቸው፤ ስሙን እንደጠራሁት እንኳ አልሰሙም፤ እነሱም ያመልክቱ።»