ሳይናገሩ የሚሄዱበት መድኃኒት

ለሰላምታ የዘረጋችሁት እጅ አየር ላይ ቀርቶባችሁ ያውቃል? ሰውየው ፊታችሁን አይቶ ፈገግ ይላል። ከዚያ ዓይኑ ወደ ጣቶቻችሁ ይወርዳል፤ ወዲያው ኮቱን የሚያስተካክልበት ምክንያት ያገኛል። እኔን አጋጥሞኛል፤ ያውም በየቀኑ፣ ያውም በገዛ ክፍሌ ውስጥ።

ጊዜው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው የተጧጧፈበት ነበር። ቀን ቀን ፒያሳ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ልጆች አስተምራለሁ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቁልቁል ወደ እሪ በከንቱ ሰፈር ወርጄ በቀበሌው አዳራሽ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥራለሁ። ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ጠመኔዎቼን በቁመታቸው የምደረድር፣ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ካላስረዳሁ ሰው የገባው የማይመስለኝ ዓይነት ነኝ።

ጎልማሳ ሲያስተምሩ ደግሞ እጁን መያዝ ግድ ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ እርሳስ ያልያዘ ጣት "ወደ ቀኝ እጠፈው" ስላሉት አይታጠፍም። ከኋላ ቆሞ፣ እጅን እጁ ላይ ጭኖ፣ አብሮ መጻፍ ያስፈልጋል። የእኔ ቀኝ እጅ ግን በዚያ ዓመት ኪንታሮት አወጣ። መጀመሪያ አመልካች ጣቴ ላይ አንዲት ብቻ ነበረች። ከዚያ በጥፍሮቼ ዙሪያ ወጣ፣ ከዚያ አውራ ጣቴን ያዘ። ዘጠኝ ደረሱ።

ተማሪዎቼ እጃቸውን መስጠት አቆሙ። ሳይገባቸው "ገብቶኛል፣ ገብቶኛል" ይሉኛል። በግልጽ የተናገሩኝ የቀበሌው ዘበኛ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ተማሪዬ ነበሩ።

"መምህርት፣ ስንት ኮከብ ብትቆጥሪ ነው ይሄ ሁሉ የወጣብሽ?"

ኮከብ የቆጠረ ኪንታሮት ያወጣል እየተባልን ነው ሁላችንም ያደግነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"ኮከብ አይደለም አባባ፤ ቫይረስ የሚባል በዓይን የማይታይ ተዋሲ..." ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ።

"የማይታይ ከሆነማ ባሰ!" አሉና እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱ።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። የጤና ረዳቱ ኪንታሮት ብዙ ጊዜ በራሱ እንደሚጠፋ ነግሮ "ታገሺ" ብሎ መለሰኝ። እኔ እታገሳለሁ፤ ክፍሌ ግን አልታገሰም። ከሠላሳ ተማሪ የቀሩኝ አሥራ አራት ብቻ ሆኑ። በዚሁ ከቀጠለ አዳራሹ ባዶ እንደሚሆን ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልግም ነበር።

ከቀሩት መካከል ከፊተኛው አግዳሚ የማይጠፉ አንዲት አሮጊት ነበሩ። አትክልት ተራ ጥግ ላይ ደማከሴ፣ ጤና አዳምና ጦስኝ ይሸጣሉ። ለትምህርት የመጡት፣ ቀበሌ በሄዱ ቁጥር አውራ ጣታቸውን ቀለም ቀብተው እያስፈረሟቸው ስለተማረሩ ነው። አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ ቀሩና እጄን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

"ረቡዕ ፀሐይ ሳትወጣ ቤቴ ነይ። መንገድ ላይ ግን ከማንም እንዳትነጋገሪ።"

"እሺ እማማ። ግን ለምን? መድኃኒቱስ ምንድን ነው?"

"ይኸው! ገና ሳትመጪ ጀመርሽ።"

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። እሳቸው ዘንድ መድኃኒት ሁለት ዓይነት ነው። ደማከሴ የሁሉም ነው፤ ጉንፋን የያዘው ወይም ምች መትቶት ከንፈሩ የቆሰለ ሰው ሲመጣ፣ ቅጠሉን በስሙ ጠርተው እንዴት ታሽቶ እንደሚሸተት ያስረዳሉ። ሌላው ከእናታቸው የወረሱት ነው። የዚህ ስሙ በአፍ ከተጠራ ኃይሉን ያጣል፤ የሚቀበለውም ሰው በዚያ ጠዋት ቃል ሳይተነፍስ መምጣት አለበት።

ረቡዕ ማለዳ ወጣሁ። ጎረቤቱን ሁሉ በጭንቅላቴ እጅ እየነሳሁ ፒያሳን አለፍኩ። ቀበሌው በር ላይ ግን ዘበኛው ያዙኝ።

"መምህርት! በዚህ ማለዳ ወዴት ነው?"

አንገቴን ነቀነቅኩ።

"ምነው? ሰው ታመመ? ታሰረ እንዴ?"

በዚያ ዘመን ማለዳ ዝም ብሎ የሚጣደፍ ሰው በጎ ነገር አያሳስብም። ድንጋጤያቸውን ሳይ አላስቻለኝም። "ደህና ነኝ አባባ፣ ለመድኃኒት ነው፤ ነገሩ እንዲህ ነው..." ብዬ ከነምክንያቱ አስረዳኋቸው። ለካ ሴትዮዋ እዚያው ማዶ ካለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ያዩኛል።

"ተናገርሽ። ዓርብ ነይ" አሉና በሩን ዘጉት።

ዓርብ ዕለት ዘበኛው ገና ከሩቅ ሲያዩኝ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ወደ ግድግዳው ዞሩልኝ።

ሴትዮዋ ጓሮ ገብተው በስንጥር ጫፍ የሆነ ተክል ነጭ ወተት ይዘው ተመለሱ። በኪንታሮቶቹ ዙሪያ ያለውን ደህና ቆዳ አስቀድመው ቅቤ ቀቡት። ከዚያ ወተቱን በየኪንታሮቱ አናት ላይ ብቻ፣ ጠብታ እንኳ የማይሞላ፣ ነካ ነካ አደረጉት። እንዳልታጠብና ዓይኔን ፈጽሞ እንዳልነካ በእጃቸው አሳዩኝ። አንድም ቃል አልተናገሩም፤ እኔም ስወጣ ሁሉም ገብቶኝ ነበር።

ረቡዕና ዓርብ እየተመላለስኩ ሁለት ወር ገደማ ሆነኝ። ኪንታሮቶቹ ጠቆሩ፣ ደረቁ፣ ተራ በተራ ረገፉ። ወተቱ ይሁን ጊዜው ያዳነኝ፣ ዛሬም በእርግጠኝነት አልናገርም። ሰው ሁሉ የሸሸውን እጄን በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው የያዙት ግን እሳቸው ናቸው፤ ይህን በእርግጠኝነት እናገራለሁ፣ እስከ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

ዘበኛው እጄን አይተው "ኮከቡ ሁሉ ረገፈ፣ ሰማዩ ጠራ!" ብለው ጨበጡኝ። ወሬውን ያዳረሱትም እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም፤ አግዳሚዎቹ ቀስ በቀስ ሞሉ።

ከሴትዮዋ ጋር ስጽፍ ከዚያ ወዲያ ማስረዳቱን ተውኩ። እጄን እጃቸው ላይ አድርጌ ዝም እላለሁ። ስማቸውን ብቻቸውን መጻፍ በቻሉ በሳምንቱ እጄን ገፋ አደረጉና ደብተራቸው ላይ አጎንብሰው ብዙ ቆዩ። አራት ፊደል ነው፤ ሦስተኛዋ እግሯ ወልገድ ብሏል። ቅንጭብ።

"ቅንጭብ? ይሄ የአዳራሹ አጥር?" አልኩ ጮክ ብዬ።

"ዝም በይ!" አሉኝ ሳቃቸው እያመለጣቸው። "ከእኔ አፍ አልወጣም። ወረቀት ቢያወራ እኔ ምን አገባኝ?"

ቅንጭቡን በራሳችሁ ሞክሩት አልልም፤ ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል፣ የሚያውቅ እጅም ይፈልጋል። በሰፈራችሁ ግን የወረሱትን መድኃኒት በሆዳቸው የያዙ አንድ አዛውንት አይጠፉም። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጻፍ ካልቻሉ እጃቸውን ይዛችሁ አስተምሩ፤ ጽፈው እስኪጨርሱም አትናገሩ። ከባዱ ይሄ የመጨረሻው ነው። እስቲ ሞክሩት።