ለአባቴ የነገርኳቸው ፊልሞች

ልጅ እያለሁ ቅዳሜ ከሰዓት የጄኔሬተር ድምፅ ከሰማሁ እግሬ አላርፍ ይለኝ ነበር። ድምፁ የሚመጣው ላሊበላ ገበያ ዳር ከነበረው ከሰይድ ቪዲዮ ቤት ነው። ሰይድ የጋሸና ልጅ ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የሲዲ ማጫወቻና ወገባችን የሚደርሱ ስፒከሮች በአይሱዙ ጭኖ መጥቶ፣ ድሮ እህል ይቀመጥበት የነበረ የቆርቆሮ ቤት ተከራየ፤ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋረደና ፊልም ማሳየት ጀመረ። ውስጡ ቤንዚን፣ የረጠበ ጋቢና የሽንብራ ቆሎ ይሸት ነበር። እስከ ዛሬ ቤንዚን ሲሸተኝ ፊልም ሊጀመር ነው የሚል ስሜት ይመጣብኛል።

እናቴ የሞተችው ሰይድ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ክረምት ነው። ታማ ብዙም አልቆየች። እስከ አርባዋ ድረስ ቤታችን ሰው አልተለየውም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጠያቂው እየሳሳ ሄዶ ቀረ። እኔና አባቴ ብቻችንን ሆንን። አባቴ ከተማው ውስጥ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ የሚያገለግሉ መሪጌታ ነበሩ። ማሕሌት ቆመው ሲያዜሙ ድምፃቸው ከዋሻው አልፎ ውጭ ድረስ ይሰማል፤ ቤት ሲገቡ ግን ያ ድምፅ የት እንደሚሄድ እንጃ። የእናቴን ልብስ ለዘመድ ሰጡ፤ ስሟንም ማንሳት ተዉ። እሳቸው ካላነሱት እኔ ማንሳቴ ነውር መሰለኝ። እራት ከአንድ ትሪ እንበላለን፤ «ውሃ አቀብይኝ» እና «በሩን ዝጊው» ካልሆነ በቀር ወሬ የለም። በዚያ ላይ ዓይናቸው እየደከመ ነበር። ቁልቁለቱን እግራቸው ስለሚያውቀው ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ አይቸገሩም፤ እኔን ሲያዩ ግን ጠጋ ብለው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከወፍጮ ቤት ስመለስ ከሰይድ በር ፊት ለፊት ቆሜ ከውስጥ የሚወጣውን ዘፈን ሳዳምጥ፣ በሩ ላይ ሻይ የምትሸጠው ሚስቱ ዘምዘም አየችኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እናቴ የት እንዳለች ጠየቀችኝ፤ እሱንም ነገርኳት። ዱቄቱን ከጀርባዬ አወረደችልኝና «አብሽሪ የኔ እናት፣ ግቢ» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ጫፍ የእኔ ሆነ።

የሚታየው አብዛኛው የህንድ ፊልም ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ ማንም የለም። ወልድያ ኖሮ የመጣ አንድ ጎልማሳ ፊት ተቀምጦ ያስተረጉማል፤ ከራሱ እንደሚፈጥር ሁላችንም እናውቃለን፣ ዝም በል የሚለው ግን የለም። አክተር አይሞትም የሚለው ሕግ ስለነበር አክተሩ ሲወድቅ አንደነግጥም፤ የምንጨነቀው ለጓደኛውና ለእናቱ ነው። ፊልሙ አልቆ ስንወጣ ደግሞ ሌላ ፊልም ይጀመራል። ወጣቶቹ በሩ ላይ ተኮልኩለው ክርክር ይገጥማሉ። አንዱ «ወንድምየው መጀመሪያውኑ ከሃዲ ነው» ይላል፤ ሌላው «ተገዶ ነው እንጂ» ይላል፤ አንዱ ድብድቡን በእጁና በእግሩ እየሠራ ያሳያል። እኔ ከኋላቸው ቆሜ እሰማለሁ። አንድ ጊዜ ደፍሬ «ተገዶ ቢሆን ኖሮ ቀለበቱን አይወስድም ነበር» አልኩ። ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ ወሬያቸውን ቀጠሉ። የክፍሌ ልጆች ደግሞ እዚያ ቤት ደጃፍ እንዲደርሱ አይፈቀድላቸውም። እናም ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ለቅሶና ዘፈን በሆዴ ይዤ ብቻዬን ዳገቱን እወጣለሁ።

ሲበዛብኝ ለራሴ መንገር ጀመርኩ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጃፋችን ላይ ባቄላ እየለቀምኩ ያየሁትን ፊልም ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳወራ፣ አባቴ ከቤት ወጥተው ከኋላዬ መቆማቸውን አላወቅሁም።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አሉኝ።

ባቄላው ከእጄ ወደቀ። ከማንም ጋር አይደለም አልኳቸው። ወዲያው ደግሞ መዋሸት ስላልቻልኩ ቪዲዮ ቤት እንደምገባ፣ የማወራው እዚያ ያየሁትን እንደሆነ ተናገርኩ። ልምጭ ይቆርጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን በመቋሚያቸው መሬቱን ዳበስ ዳበስ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ባቡሩ ደረሰበት ወይስ አልደረሰበትም?» አሉኝ።

«አቤት?»

«ሰውየውን ሐዲዱ ላይ አስረውት ነበር ስትዪ ሰማሁ። ምን ሆነ?»

ጨርሼ ነገርኳቸው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያን ያህል ረጅም ነገር ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ልማዳችን ሆነ። ከቅዳሴ ተመልሰው ቁርስ ከበላን በኋላ ፀሐይዋ ወደምትመታው ግድግዳ ይጠጉና «እህ» ይላሉ። እህ ማለት ጀምሪ ማለት ነው። አባቴ ለካ ቁጡ ተመልካች ኖረዋል። ዘፈኑን አይወዱትም፤ «ይሄ ሁሉ ሲዘፈን የታሰረው ጓደኛው ምን እየሆነ ነው?» ይላሉ። ፖሊስ ሁልጊዜ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ መምጣቱ ያናድዳቸዋል። ለክፉው ሰውዬ ግን ጠበቃ ናቸው። ልጅ እያለ ማን በደለው፣ እናት ነበረችው ወይ፣ ብለው ይመረምሩኛል። እኔ «ክፉ ስለሆነ ነው» ካልኩ አይለቁኝም፤ «አላየሽውም ማለት ነው» ይሉኛል። እንዳይሉኝ ስል ቪዲዮ ቤት ውስጥ ሌላው የማያየውን ማየት ጀመርኩ፤ የልብሱን ቀለም፣ ሰው ሲዋሽ ዓይኑን ወዴት እንደሚያደርግ፣ ሴትየዋ ደብዳቤውን ስትቀበል ወደ በሩ ማየቷን። እሳቸው ዓይናቸው በደከመ ቁጥር እኔ የማየው እየበዛ ሄደ።

ወሬው ደብሩ ደረሰ። አንድ ቀን ከአባቴ ጋር የሚያገለግሉ ቄስ አዳነ የሚባሉ ካህን ቤታችን መጥተው፣ ጠላ ከቀረበላቸው በኋላ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ።

«መሪጌታ፣ እንዲያው ቅር አይበልዎትና፣ ልጅዎ እዚያ ቪዲዮ ቤት ስትገባ ታየች ይላሉ።»

እኔ ማጀት ሆኜ እሰማለሁ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ የምልካት» አሉ አባቴ።

«እርስዎ?»

«ዓይኔ ደከመ፣ ቄስ አዳነ። እሷ አይታ ትነግረኛለች።»

ቄስ አዳነ ጠላቸውን ጨርሰው፣ ስለ ዝናቡ አውርተው ሄዱ። አባቴ አንድም ቀን ልከውኝ አያውቁም ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ ግን ቅዳሜ ሲደርስ «አልዘገየሽም?» ማለት ጀመሩ።

ክረምት ሲገባ አሸተን ማርያም ያለችበት ተራራ በጉም ተሸፍኖ ይውላል፤ ገበያውም ይቀዘቅዛል። በዚያ ክረምት ነው ሰይድ ያን ፊልም ያሳየን። ብዙ ሰው አልወደደውም፤ ድብድብ አልነበረውም። ሚስቱ የሞተችበት አንድ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለችው። ሰውየው የሚስቱን ፎቶ ከግድግዳ አውርዶ ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ልጅቱ በእናቷ ጉዳይ ልትጠይቀው አፏን በከፈተች ቁጥር ወደ ሥራው ይሄዳል። በመጨረሻ ልጅቱ ስለ እናቷ የሚነግራት ሰው ልትፈልግ ባቡር ተሳፍራ ትጠፋለች። ወጣቶቹ ሲወጡ «ይደብራል» አሉ። እኔ ዝናቡ እስኪያባራ ዘምዘም ዘንድ ቆሜ ሻይ ጠጣሁ፤ ፊቴን አይታ ስኳር ጨመረችልኝ።

በማግስቱ አባቴ «እህ» ሲሉ ሌላ የድሮ ፊልም ልነግራቸው አሰብኩ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው እሱው ነው። ምንም ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ሳጥኑን ነገርኳቸው፤ ግድግዳው ላይ ፎቶው የነበረበት ቦታ ነጥቶ መቅረቱንም ነገርኳቸው። ጣልቃ አልገቡም። ስጨርስ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበው ነበር።

«አባትየው ስለ እናቷ ምንም አላላትም?»

«ምንም አላላትም።»

«ለምን?»

«እኔ እንጃ፣ አባ። ቋንቋቸውን አላውቀውም።»

መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «መጥፎ ሰው አይደለም» አሉ። «ካነሳው ልጅቱ የምታለቅስ መስሎት ነው። እሱም አብሯት ያለቅሳል፤ ያን ፈርቶ ነው። ልጅቱ ግን የረሳት መሰላት። እዚህ ላይ ተሳስቷል።» ደግመው «በጣም ተሳስቷል» አሉ።

እኔ አንገቴን ደፍቼ የቀሚሴን ክር እመዝ ነበር።

«እናትሽን ያገኘኋት አሸተን ማርያም፣ ለንግሥ ስንወጣ ነው» አሉ። ድምፃቸው እንደ ማሕሌቱ አልነበረም፤ ቀጭን ነበር። «ተማሪ ነበርኩ። ጭቃ ነበር። ሴቶቹ እንዲያዩኝ ብዬ ፈጥኜ ስወጣ አንሸራተተኝና እሷ እግር ሥር ወደቅሁ። ሁሉም ሲያዝንልኝ እናትሽ ሳቀች። ሳቅ መያዝ አትችልም ነበር። አፏን በነጠላዋ ብትሸፍነውም ትከሻዋ ይስቃል።» ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን ፈልገው ያዙት። «ያንቺም እንደሷ ነው። ዓይኔ ሳይደክም አይቼዋለሁ።»

በዚያ ቀን እስኪመሽ ድረስ እሳቸው ነገሩኝ፣ እኔ ሰማሁ። ምን ትወድ እንደነበር፣ ምን እንደሚያስቆጣት፣ እኔን ስትወልድ ስም ለማውጣት እንዴት እንደተጣሉ። እኔም ጠያቂ ሆንኩ፤ ምን ለብሳ ነበር፣ ምን ብላ መለሰች እያልኩ አስጨነቅኋቸው። አለቀስንም። ፈርተን የቆየነውን ያህል ከባድ አልነበረም።

ዓይናቸው ጨርሶ ከጠፋ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ቴሌቪዥን እያስገባ የሰይድ ሥራ ቀዘቀዘ፤ ወደ ጋሸና ሊመለስ መሆኑም ተሰማ። አባቴ ሲሰሙ «እስኪ ሳይዘጋ ውሰጂኝ» አሉኝ። እጃቸውን ይዤ፣ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው ስንገባ ሰዉ ተነሣ። ዘምዘም ትራስ አመጣች። ሰይድም የድብድቡን ፊልም አውጥቶ ለእሳቸው ብሎ የአማርኛ አስገባ። እኔ የሚታየውን በጆሯቸው ሹክ ስላቸው ከኋላ አንዱ «እኛም እንድንሰማ ጮክ በይ» አለ። መቀለዱ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ያን ቀን ያ ሁሉ ሰው እኔን እየሰማ ፊልሙን አየ። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ «አንቺ ብቻሽን ስትነግሪኝ ይሻላል። እዚያ ሁሉም ባንዴ ያወራል» አሉ።

ካረፉ ዓመታት አለፉ። እኔ እዚሁ ላሊበላ አስተምራለሁ፤ የምኖረውም ብቻዬን ነው። ቅዳሜን እየጠበቅሁ ፊልም ማየት ቀርቷል፤ መብራትና ኔትወርክ ካለ ስልኬ ላይ የፈለግሁትን አያለሁ፤ ትርጉሙም ከሥር ተጽፎ ይመጣል። ያኔ ግማሹን ሳይገባኝ ያየሁትን ፊልም ሳምንቱን ሙሉ ስናወራበት እንከርም ነበር። አሁን ሁሉም ይገባኛል፤ ሲያልቅ ስክሪኑ ይጠቁርና የራሴን ፊት አያለሁ። አንድ የፊልም አፍቃሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገብቼ ነበር። «አሪፍ ነው»፣ «ይደብራል»፣ የእሳት ምልክት፣ የሳቅ ምልክት። አንድ ቀን ስለ አንዲት እናት ረጅም ነገር ጻፍኩ። አንዱ «ማን ያነበዋል ይሄን ሁሉ» አለ፤ ክፋት አልነበረውም። ከሥሩ ሌላ ሰው ሌላ ፊልም ለቀቀ፤ የጻፍኩት ወደ ላይ ወጥቶ ጠፋ።

ባለፈው ሳምንት መምህራን ማረፊያ ውስጥ፣ ሒሳብ የምታስተምረው ሕይወት የላከችልኝን ፊልም አይቼ ጨርሼው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጥሩ ልጅ ናት፤ ፊልም ስታገኝ እኔን አትረሳኝም። አዎ ጨረስኩት አልኳት። ልቤ ቀድሞኝ ወንበሬን ጠጋ አደረግሁ።

«አሪፍ ነው አይደል?» አለችኝ ስልኳን እያየች። «ሌላ ደግሞ አለኝ፣ ከሱ የሚበልጥ። ልላክልሽ?»

«ላኪልኝ» አልኳት።

ወዲያው ላከችልኝና ክፍል ገባች። እኔም ስልኬን ይዤ ትንሽ ተቀመጥኩ። ስለ መጀመሪያው የምለው ብዙ ነበረኝ።