ገመድ የያዘውን ወንድም የት አደረሳችሁት?

መምህር መኩሪያ አረፉ ብሎ የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። «ተሳስተሃል» አልኩት። በቀደም ደውለው ጽሑፌን ሲያብጠለጥሉት ነበር እኮ፤ ሊሞት ያለ ሰው እንደዚያ አይቆጣም። ደጃቸው ላይ ድንኳን ሳይ ነው ያመንኩት።

እዚሁ ሚዛን ከተማ ሥነ ጽሑፍ አስተምረውኛል። የሚወዱት አፈ ታሪካዊ ኂስን ነበር፤ ድርሰት ውስጥ የተደበቀውን የጥንት ተረት ፈልፍሎ ማውጣት። እኛ ጀግናውን አገኘነው ብለን ስንፈነጥዝ አዳምጠው ይጨርሱና «ጥሩ። በዚህ ተረት የሚበላው ማነው?» ይሉናል።

አንድ ቀን ስብሰባ ይዘውኝ ሄዱ። ባለሥልጣኖቻችን ከጎረቤት ሕዝብ ጋር የድንበር ክርክር ነበረባቸው፤ ማስረጃቸው ደግሞ ተረት። አባታችን መጀመሪያ እዚህ ጫካ ገብቶ፣ ትልቁ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ሰቀለ፤ ስለዚህ መሬቱ የኛ ነው። ከመምህር የፈለጉት «ምሁሩም አረጋግጠዋል» ለማለት ብቻ ነው። ለስላሳም ቀርቧል።

መምህር ተነሱ። «ይቺን ተረት ከብዙ ሽማግሌ ሰምቻለሁ። ወንድማማቾቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ወጣ፣ አንዱ ከታች ገመድ ያዘለት፣ ማሩን አብረው በሉ። ገመድ የያዘውን የት አደረሳችሁት?»

ገመድ የያዘው የጎረቤቶቻችን አባት ነው። የእናቴ ወገኖች።

ከዚያ ወዲህ መምህር «ተላላኪ» ተባሉ። አብረዋቸው ቡና ይጠጡ የነበሩት እንኳ መንገድ ላይ ሲያይዋቸው ይሻገሩ ጀመር።

ዛሬ ተላላኪ ያሏቸው ሰዎች ፎቷቸውን ፌስቡክ ላይ ለጥፈው «የሕዝባችንን ታሪክ በጥናት ያረጋገጡ አባት» ይላሉ። ከሥሩ ያቺው ተረት አለች፤ ሁለተኛው ወንድም የለም። ሰውዬው አፈር ሳይለብሱ እሳቸውንም ቆርጠው ተረት አደረጓቸው። ስንቱ ደግሞ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» እያለ ያልፋል።

ነገ ቀብር ላይ የሕይወት ታሪካቸውን እኛ እናነባለን ብለው ልከዋል። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ግን ድንኳኑ ውስጥ እጄን ይዘው «አንተ ነህ የምታነበው» አሉኝ። ሰዎቹ አለቆቼ ናቸው። ፈርቻለሁ። ግን አነባለሁ፤ ሁለቱንም ወንድሞች።

መምህር፣ ያቺን የአዳራሹን ጥያቄዎን ነገ እጠይቅልዎታለሁ። ሳጥኑ ሲወርድ ደግሞ አንዱን ገመድ የምይዘው እኔ ነኝ። ቀስ አድርጌ ነው የማወርድዎ። ደህና ይግቡ።