የጭቃ መፋቂያው

ሮቤ ውስጥ ከየትኛውም ሰፈር የግራይንደር ጩኸት ሲነሳ፣ ከጆሮዬ ይልቅ አፍንጫዬ ይቀድማል፤ የተቃጠለ ብረት ሽታ፣ ከሥሩም ፍንጣሪ የለበለበው የሱፍ ሹራብ ሽታ ይመጣብኛል፣ እሱም የአባቴ ሽታ ነው። ሰው የአባቱን ሽታ ሲያስታውስ ደስ ይለዋል ይላሉ። እኔን ያናድደኛል።

አባቴ በያጅ ነበር። ከቤታችን ፊት ለፊት የቆርቆሮ ጥላ ነበረ፣ ከጥላው ሥር የጋሪ ብረት፣ የተሰበረ ማረሻ፣ የብየዳ ማሽኑና ያቺ በእጅ ይዞ ብረት የሚቆርጥባት ግራይንደር ነበሩ። ግራይንደሯ ስትገዛ ከሚሽከረከረው መቁረጫ ዲስኳ በላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ የብረት መከለያ ነበራት፤ ዲስኩ በሥራ ላይ ቢሰበር ስብርባሪው ወደ ሰው ፊት እንዳይመጣ የሚይዝ ነው። አባቴ ግን ከትልልቅ ጋራዦች ግማሽ ያለቀ የትልቅ ማሽን ዲስክ እየለመነ ያመጣ ነበር፣ ያ ደግሞ መከለያው ካልወለቀ በትንሿ ማሽን ላይ አይገባም። ስለዚህ አንድ ክረምት መከለያውን ፈትቶ ጣለው።

የሮቤን ጥቁር ጭቃ ያላየ ሰው ጭቃ አውቃለሁ አይበል፤ ጫማህን ይዞ ይቀራል፣ አንተ በካልሲ ትሄዳለህ። አባቴ ያን መከለያ ከአንድ ቁራጭ ብረት ጋር በየደና ከደጃፋችን ተከለው፣ ከዚያ ወዲያ ቤታችን የሚገባ ሁሉ የጫማውን ጭቃ በእሱ ላይ ይፍቅ ነበር። «ይኸው፣ አሁን ሥራ አገኘ» አለ እየሳቀ። እናቴ ግን ጫማዋን በፋቀች ቁጥር ታነሳበት ነበር። «ሰው የተሠራለትን ጋሻ ለእግሩ ያነጥፋል?» ትለዋለች፣ እሱም «ያ ቆርቆሮ ለፈሪ የተሠራ ነው» ብሎ ይዘጋታል።

መነጽር አያደርግም ነበር። ዲስኩ ላይ መነጽር ያደረገ ሰው ፊት ተስሏል፤ አንድ ቀን ጠየቅኩት። «አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ ለምን መነጽር አደረገ?»

«አስተማሪ ስለሆነ ነው» አለኝ።

ደንበኞቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ልጅ ነበርኩ።

ክረምቱ አልፎ የጥቅምት ንፋስ ሲነሳ ፍንጣሪው ወደ ፊቱ ይመለስበት ነበር፣ ማታ ዓይኑ ቀልቶ እንባው ይወርዳል። ያኔ መድኃኒቱ የታወቀ ነበር፤ ልጅ የምታጠባ ሴት ወተት። እናቴ ስኒ ታስይዘኝና ወደ ጎረቤታችን ወደ አደ ዘይነባ ትልከኝ ነበር፤ አደ የምንላት እናት እንደማለት ነው፣ እሷ ደግሞ እኔን ጉርባ ትለኛለች፣ ልጁ ማለቷ ነው። አደ ዘይነባ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስኒው ውስጥ ጥቂት ታልብልኝና እንዲህ ትለኝ ነበር፦ «እንካ ጉርባ። አባትህን ግን ጠይቅልኝ፤ ከልጄና ከእሱ ማን ነው ቀድሞ ጡት የሚጥለው?»

ይህን ለአባቴ ስነግረው በቀላ ዓይኑ እየሳቀ «ልጇ ይጣል፤ እኔ ሥራ አለኝ» ይል ነበር። ያ ወተት ፍንጣሪ የነካው ዓይን ላይ ሲንጠባጠብ ያቀዘቅዘዋል መሰለኝ፤ ሁልጊዜ በማግሥቱ ይሻለው ነበርና አመነው። መጥፎው ነገር ይኸው ነው፤ የማይረባ መድኃኒት ትንሹን ሕመም ሲያድን ለትልቁም የሚያድን ይመስላል።

መኸር ደረሰ። በባሌ መኸር ማለት ኮምባይነር ማለት ነው፣ ስንዴው በየሜዳው ቢጫ ሆኖ ሲቆም ያ ትልቅ ማጨጃ ከእርሻ እርሻ ይዞራል፣ የተሰበረበት ሾፌርም ወደ አባቴ ይሮጣል። ከአጋርፋ መንገድ አንድ ሾፌር በፒክአፕ መጣ፣ የተጣመመ ወፍራም ብረት ይዞ፣ ዓይኑ ሰማይ ላይ ተሰቅሎ።

«ጋሽ ግርማ፣ ቶሎ በል! ደመናው እየመጣ ነው፤ ስንዴው ከረጠበ ባለቤቱ እኔን ነው የሚያጭደኝ!»

አባቴ ዲስክ አልነበረውም፤ በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥም አልነበረም። ሾፌሩ ከመኪናው አዲስ፣ ያልተነካ የትልቅ ማሽን ዲስክ አወጣ። አባቴ አየውና በትንሿ ግራይንደር ላይ አሰረው፤ ሰፌድ ያህል ነበር፣ ጫፉ ማሽኗን የያዘበትን እጁን ሊልስ ምንም አልቀረውም። እናቴ ከቤት ወጣች።

«አንተ ሰው፣ ይሄ የዚች ማሽን አይደለም።»

«ግቢ አንቺ። ብረት ፈሪ አይወድም።»

«አይዞሽ እትዬ» አላት ሾፌሩ፣ «ጋሽ ግርማ ዓይኑን ጨፍኖም ይቆርጣል።»

ትንሽ ማሽን ከትልቅ ማሽን ይበልጥ ትፈጥናለች፤ ለትልቋ የተሠራ ዲስክ የትንሿን ፍጥነት አይችልም። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያን ቀን የሰማሁት ጩኸቷ እየቀጠነ እየቀጠነ ሲወጣ፣ ከዚያም እንደ ጥይት ጧ ሲል ነው። ግማሹ ዲስክ የጥላውን ቆርቆሮ በስቶ ወጣ። አባቴ በጉልበቱ ወድቆ የግራ ዓይኑን ይዞ ነበር፣ በጣቶቹ መሃል ደም ይወርዳል።

ፒክአፑ ሞተሩ እንኳ አልጠፋም ነበር። ጎባ ቅርብ ናት፣ ሆስፒታል አላት። እናቴ «ጎባ! ጎባ ውሰዱት!» እያለች ስትጮህ አባቴ ግን አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚለው።

«ወተት።»

ስኒውን ይዤ ሮጥኩ። አደ ዘይነባ ፊቴን አይታ አልቀለደችም። ወተቱን በደሙ ላይ አንጠባጠቡ፣ በሻሽ አሰሩት፣ ሾፌሩም ሌላ በያጅ ፍለጋ ሄደ። «ነገ ካልተሻለኝ» አለ አባቴ፤ በማግሥቱም «ነገ» አለ፤ ፊቱ አብጦ መናገር ሲያቅተው ነው ጎባ የወሰድነው።

ሐኪሙ ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነበር። ሻሹን ፈትቶ ዓይኑን አየና «ምን አድርጋችሁበታል?» አለ። እናቴ መሬት መሬት እያየች ነገረችው።

«አባቴ፣ ይቺ ዓይን ፈርሳለች፣ አትመለስም» አለው ሐኪሙ። «ካላወጣናት ግን ደህነኛዋንም ይዛት ልትጠፋ ትችላለች። ይፍቀዱልኝ።»

አባቴ ተነሣ። «ከእናቴ ሆድ ይዤው የወጣሁትን ባልዲ ውስጥ አልጥልም» አለና ወጣ። እናቴ በኮሪደሩ ነጠላውን ይዛ ለመነችው፤ ነጠቃት።

ጥምቀት አለፈ። አንድ ጠዋት ደጃፍ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ጎባ፣ ወደ ሳነቴ ተራራ አቅጣጫ አዙሮ «ዛሬ ጉሙ ከሳነቴ ወረደ እንዴ?» አለ። ፀሐይ ነበረች፤ ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ነበር። እናቴ ቀና ብላ ሰማዩን አየች፣ ወደ እሱም አየች።

«አዎ» አለችው። «ወርዷል።»

የበልግ ዝናብ ሲጀምር ጉሙ ሙሉ ለሙሉ ዘግቶት ነበር። እኔ ከመኸሩ ሥራ በኋላ፣ በመጪው መስከረም ትምህርት ቤት እንደምገባ ቃል ተገብቶልኝ ነበር፣ ዩኒፎርም ተሰፍቶልኝ በግድግዳው ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ማንም አትገባም አላለኝም፤ አባቴ ብቻ ጠዋት ጠዋት እጁን ዘርግቶ «ያ ጉርባ፣ ወዴት ነህ?» ይል ነበር፣ እኔም ትከሻዬን እሰጠው ነበር። ዩኒፎርሙ ከጠበበኝ በኋላ ለአደ ዘይነባ ልጅ ተሰጠ፤ ስኒ ይዤ ወተቱን የተሻማሁት እሱ ልጅ በእኔ ልብስ ፊደል ቆጠረ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው፣ ከሥራ መልስ፣ በዕድሜ ከእኔ በሚያንስ አስተማሪ ፊት። ሰዎች ዛሬም ሊያጽናኑኝ ሲፈልጉ «ምን ታደርገዋለህ፣ አባትህ አልተማረም» ይሉኛል። ውሸት ነው። ማንበብ እንደቻልኩ መጀመሪያ ያነበብኩት ዲስክ ነው፤ ከጽሑፉ አጠገብ ያ መነጽር ያደረገ ሰውዬ አለ፣ እስከ ዛሬ። ሥዕል ለማየት ፊደል አያስፈልግም። ዓይን ይበቃል፣ አባቴ ደግሞ ያኔ ሁለት ነበረው።

ዛሬ ያ ጥላ የእኔ ነው። መከለያ የሌላት ማሽን ከጥላዬ ሥር አትገባም፣ ዲስክ ከመቀየሬ በፊት ሶኬቱን እነቅላለሁ፣ የሮቤ ብርድ ቢገድለኝ እንኳ ፎጣ አንገቴ ላይ አስሬ ወደ ማሽኗ አልጠጋም። ከመቁረጤ በፊት ከዲስኩ መስመር ዞር ብዬ ባዶዋን አስሮጣታለሁ። መነጽሬን ሳደርግ የሰፈሩ በያጆች «አስተማሪው መጣ» ይሉኛል። ይበሉ።

እናቴ አርፋለች። አባቴ አርጅቷል፣ ትከሻዬን ትቶ በከዘራ ይሄዳል። አስፋልቱ ከመጣ ወዲህ ጭቃው ቀንሷል፣ ደጃፉንም ሲሚንቶ አድርጌዋለሁ፣ ያን የዛገ መከለያ ግን አልነቀልኩትም፤ አትንቀለው ብሎኛል። ሲመለስ ከሩቅ እሰማዋለሁ፤ ከዘራው መሬቱን እየዳበሰ ይመጣና መከለያውን ሲያገኘው ቅጭል ይላል። ቤቱ እንደደረሰ ያኔ ያውቃል። ቆሞ በበጋም፣ ጭቃ በሌለበትም፣ አንዱን ጫማውን ይፍቃል፣ ሌላውንም ይፍቃል፣ ከዚያ ይገባል።