ዶክተር በርጩማ

ስሙን ያወጡለት የካንሰር ክፍል ሕመምተኞች ናቸው። ሐኪሙ አልጋ ለአልጋ ሲዞር ቆሞ ከቀለደ፣ ቆሞ ካርድ ካገላበጠ ነገሩ ደህና ነው። ከአልጋው ሥር ያለችውን በርጩማ በእግሩ ስቦ ከተቀመጠ ግን ወዮለት ለዚያ በሽተኛ። «ዶክተር በርጩማ ዛሬ ማን ጋ ተቀመጠ?» ይባባላሉ ኮሪደር ላይ። ሰው ሞት አፍንጫው ሥር ቆሞም ቢሆን መቀለዱን አይተውም።

መቀመጡን ያስተማረችው የክፍሉ ዋና ነርስ ናት። ገና መርፌ ሲይዝ እጁ በሚንቀጠቀጥበት ዘመን፣ አንዲት እናት ፊት ተገትሮ የማይሆን ተስፋ ሲደረድር ሰማችው። ወደ ኮሪደር ይዛው ወጥታ ጆሮውን ልትቆነጥጠው ምንም አልቀራት።

«ስማ አንተ ልጅ፣ ውሸት ቆመው ነው የሚናገሩት፤ ለመሄድ ይመቻል። እውነት ልትናገር ከሆነ ቁጭ በል። ሲያለቅሱም አብረህ ትቆያለህ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በሽተኛን ዋሽቶ አያውቅም። እሷን ሁሉም ሲስተር ይሏታል፤ እሱም እንደዚያው፣ አንቱ እያለ።

ከክፍሉ ያስወጣው ነገር የመጣው በኋላ ነው። አንድ ዓመት መድኃኒቱ አልሠራ አለ። ይንጠባጠባል፣ ጸጉር እንኳ አያረግፍም፣ እብጠቱ ያድጋል። እሱ በሽታውን ይራገማል፤ ሲስተር ደግሞ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ «እኔ ይኼ ነገር አላማረኝም» ትላለች። በመጨረሻ ሲጣራ መድኃኒቱን በጉዞ ላይ ሙቀት ገድሎት ኖሯል። የሞተውና ደህናው ደግሞ በዓይን አይለይም፤ ሁለቱም እንደ ውሃ የጠሩ ናቸው። አሥራ አንድ ሰው መድኃኒት ወሰድኩ እያለ ሞተ።

«እኛ እዚህ ሆነን የፈሰሰውን እንለቅማለን፤ በሩ ላይ የሚቆም ሰው ግን የለም» አለችው ሲስተር። «ሂድ አንተ ቁም።»

ሄደ። የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ሐኪም አጥቶ ነበርና እጅ ነስቶ ተቀበለው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ አንቀጽ ጻፈ፦ በጉዞ ላይ የተያዘ የሙቀት መዝገቡ የጎደለ መድኃኒት በላቦራቶሪ ሳይመረመር በማንም ፊርማ አይለቀቅም። ረዳቱ «በልዩ ሁኔታ ካልሆነ በቀር የምትል ትግባበት» ቢለው፣ «በእሷ ቀዳዳ መጀመሪያ የምሾልከው እኔው ነኝ» ብሎ ሰረዛት። አይ የሰው ነገር! በገዛ ራሱ ላይ በር ቆልፎ ቁልፉን ሲወረውር ብልህ የሆነ ይመስለዋል።

ቢሮው አራተኛ ፎቅ ነው። መስኮቱን የፋይል ቁም ሣጥን ስለ ዘጋው አይከፈትም። የሚቆጣጠር ሰው ማከም ስለማይፈቀድለት የሕክምና ፈቃዱን መልሷል። የጥንት ባልደረቦቹ ግብዣ ላይ ሲያዩት «ዝም በሉ፣ ኬላው መጣ» ብለው ይስቃሉ፤ ደግሞም እውነት ዝም ይላሉ። ሚስቱ «በሩን እንኳ እንደ ማኅተም ነው የምትመታው» ትለዋለች። በሽተኛ ናፈቀው። ፋይል አያለቅስ፣ አያመሰግን፤ ቁጥር እንጂ ስም የለው። መመለስ አማረው፤ ግን ከአሥራ አንዱ በኋላ በሩን ለማን ትቶ ይመለሳል?

በሰባተኛው ዓመት አንድ ፋይል ጠረጴዛው ላይ ወጣ። አርባ ካርቶን የካንሰር መድኃኒት፤ ሁሉ ነገር የተሟላ፣ የሙቀት መዝገቡ ብቻ መሃል ላይ ለዘጠኝ ሰዓት ያህል ባዶ። የሙቀት መቅረጫው ባትሪ አልቆ ይሁን ካርቶኑ ፀሐይ ላይ ውሎ ይሁን የሚያውቅ የለም። ረዳቱ ፋይሉን አስቀምጦ እንደ መውጣት እዚያው ቆመ።

«የሚጠብቁት ሠላሳ አንድ ሰዎች ናቸው፤ ሌላ ጭነት ከሦስት ወር በፊት አይደርስም» አለ። ወለሉን እያየም፣ «አንዷ የድሮ ክፍልዎ ሲስተር ናቸው» አለ።

ጡረታ ከወጣች ወዲህ መታመሟን አልሰማም ነበር። ለማንም ሳትናገር በሆዷ ይዛው ኖራለች።

በማግስቱ ራሷ መጣች። ጥበቃው የእንግዳ ካርድ አንገቷ ላይ አንጠልጥሎላት፣ ያቺ በአንድ እጇ በሽተኛ ትገለብጥ የነበረች ሴት ግማሽ ሆና ገባች።

«ልለምንህ ነው የመጣሁት፤ አላፍርም» አለች። «ሐኪሜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልጀመርሽ ሰውነትሽ አይችለውም ብሎኛል። ዘጠኝ ሰዓት ምንድን ነው? ሌሊት ይሆናል እኮ፣ ብርድ።»

«ቀንም ሊሆን ይችላል፣ ሲስተር።»

«አንተ ነህ ይህን የምትለኝ?»

«አሥራ አንዱን አብረን አየናቸው።»

«እነሱ አያውቁም ነበር። እኔ ግን አውቄ ልውሰደው! በራሴ ፈርጃለሁ።»

«ከእርስዎ ጋር ሠላሳ ሰዎች አሉ። እነሱ በራሳቸው አልፈረዱም።»

ማኅተሙ መሳቢያው ውስጥ ነው፤ አንድ ጊዜ መምታት ነው፣ አለቀ። ቢመታ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ነገ አስመጪ ሁሉ ባዶ መዝገብ ይዞ ይሰለፋል። ባይመታ፣ ምርመራው ሦስት ሳምንት ይፈጃልና፣ መርፌ አያያዝ ያስተማረችውን ሴት በገዛ እጁ ይገድላል። ወደፊትም ገደል፣ ወደኋላም ገደል። አንቀጹን ጠላው፤ ቢሮውን ጠላው፤ ለአፍታ፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ የመጣችበትን እሷንም ጠላት።

ከጠረጴዛው ኋላ ወጣና ወንበር ስቦ አጠገቧ ቁጭ አለ። አፉን ሳይከፍት ገባት።

«አይ…» አለች። «ተቀመጥክ።»

ናሙናው ለምርመራ ሄደ። ሦስት ሳምንት የተባለው አምስት ሳምንት ሆነ፤ በየቀኑ ቢደውልም ማሽን በስልክ አይቸኩልም። ውጤቱ አንድ ገጽ ነበር። መድኃኒቱ ደህና ነው፤ ምንም አልነካውም። ሦስት ጊዜ አነበበው። ማኅተሙን መታ። ከሠላሳ አንዱ አምስቱ ግን፣ ሲስተርን ጨምሮ፣ ከእንግዲህ መድኃኒቱን የሚሸከም ሰውነት አልነበራቸውም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ካርቶኑ ገና ከመጋዘን ሳይወጣ፣ ወደ ድሮ ክፍሉ ሄደ። ግድግዳው ቀለም ተቀይሯል፤ ሽታው ያው ነው። ሲስተር ራሷ ለሠላሳ ዓመት አንሶላ ስትቀይር ከኖረችባቸው አልጋዎች በአንዱ ላይ ተኝታለች። እግርጌዋ ቆሞ የአልጋውን ብረት ጨበጠ።

«ውጤቱ መጣ?» አለችው።

«መጣ።»

«እህ?»

በመንገዱ ሁሉ ምን እንደሚላት ሲያሰላስል ነበር። አሁን ፊቷን ሲያይ ያሰበው ሁሉ ጠፋው።

«ተበላሽቶ ነበር፣ ሲስተር። ልክ እንደ ፈራነው።»

ነገ ከጎኗ ላሉት ያው መድኃኒት ሲሰቀል ምን ሊላት እንደሆነ አላሰበበትም። እሷ ዓይኗን ጨፈነች፤ ግንባሯ ላይ የነበረው መጨማደድ ለቀቅ አለ።

«እንኳን አልፈረምክ» አለች።

በአምስት ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽ አገኘ። ከዚህ በላይ መቆየት አልቻለም።

«በሉ ይረፉ፣ ነገ ብቅ እላለሁ» አለና ዞረ። በሩ ላይ ሳይደርስ ጠራችው።

«ልጄ።»

«አቤት።»

ዓይኗን ሳትገልጥ የከሳ እጇን ከአንሶላው አውጥታ በአልጋው ጎን ወደ ታች ሰደደችው፤ ዳብሳ ዳብሳ በርጩማዋን አገኘቻት።

«ቆመህ ነው የነገርከኝ» አለች። «ና፣ ቁጭ በልና እንደገና ንገረኝ።»