ሸሸን እንጂ አልሸጥንም

ጁባ ላይ ምግብ ቤት የከፈትኩት ከወንዙ ድልድይ ማዶ፣ ሸሪካት ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ነበር። የካርቱምና የደቡቡ አማፂዎች የሰላም ስምምነት ከተፈረመ ብዙም አልቆየም። ከዩጋንዳ ዕቃ ጭኖ የሚመጣው መኪና ሁሉ በዚያ በኩል ነው የሚገባው፤ ሾፌር ደግሞ ርቦት ነው የሚደርሰው። ቦታው ባዶ መስሎኝ ቆርቆሮ ላስጭን ስል፣ የሰፈሩ ሰዎች ባለቤት እንዳለው ነግረውኝ ወደ አንዲት አሮጊት ወሰዱኝ።

አሮጊቷ የባሪ ብሔረሰብ ሰው ናቸው። ጁባ ከተማ ሳትባል በፊት ባሪዎች በወንዙ ግራና ቀኝ ያርሱ፣ ከብት ያረቡ፣ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ሰፈርተኛው ሁሉ «ሐቦባ» ይላቸዋል፣ አያቴ እንደማለት ነው፤ እኔም እንደዚያው ጠራኋቸው። ቦታውን ከእኔ ጋር ዞሩና የት መሥራት እንደምችል አሳዩኝ። ከማንጎው ወዲያ ግን ጉድጓድ እንዳልቆፍር አስጠነቀቁኝ። ባላቸውና ሁለት ልጆቻቸው እዚያ ተቀብረዋል።

ከዚያ በኋላ ጎረቤታሞች ሆንን። ምግብ ቤቴን ሰው እየለመደው ሲሄድ ግን ከተማው ውስጥ መሬት ያበደበት ጊዜ መጣ። የውጭ ሰው ሆቴል ይፈልጋል፣ ባለሥልጣን መጋዘን ይፈልጋል፣ ሁሉም ወንዙን ይፈልጋል። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰውዬ ከሠራተኞች ጋር መጣና ከሐቦባ ማሳ እስከ መቃብሩ ድረስ የአጥር ቋሚ ማስተከል ጀመረ። ማንንም አላናገረም።

ሐቦባ አልጮኹም። ሠራተኞቹ ለምሳ እኔ ቤት ሲገቡ ዶማቸውን ይዘው ወጡና ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ነቅለው መንገድ ዳር ደረደሯቸው። ሠራተኞቹ ተመልሰው ተከሉ። በማግስቱ ሐቦባ እንደገና ነቀሉ። ሠራተኞቹ በቀን የሚከፈላቸው ልጆች ናቸው፤ አሮጊት መግፋት አሳፈራቸውና ቆመው ያዩ ጀመር። ከዚያ የሰፈሩ ሴቶች ዶማ ዶማቸውን ይዘው ከሐቦባ ጎን ተሰለፉ። ሰውዬው መሣሪያ የያዙ ሰዎች ሲያመጣ ሴቶቹ መቃብሩ ላይ ተቀመጡ። የሚተኩስም፣ የሚነሳም አልነበረም። በመጨረሻ ነገሩ ሱልጣን የሚሏቸው የባሪዎቹ ባላባት ዘንድ ቀረበ፤ እሳቸው ለዳኝነት የሚቀመጡት በዛፍ ሥር ነው።

ከችሎቱ በፊት አንድ የአገሬ ልጅ መጣብኝ። የሰውዬው ደላላ ነው። ሻይ አዝዞ ተቀመጠና የምፈለገው ለአንዲት ቃል ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ስመጣ ቦታው ላይ ማንም አልነበረም ብዬ ከመሰከርኩ፣ ሰውዬው በሚሠራው አዲሱ ሆቴል ውስጥ ወጥ ቤቱን እኔ እይዛለሁ።

«እህቴ፣ በሰው አገር ምን አገባሽ?» አለኝ። «እነሱ እርስ በርሳቸው ይጨራረሱ። አንቺ እንጀራሽን ጋግሪ።»

ሐቦባ ነበሩ አልኩት። እሱም ካርቱምና የጫካው አማፂዎች ሲዋጉ ይህ ሁሉ ሰው ሸሽቶ ቦታው ላይ እንዳልነበረ፣ መሬቱም ዳዋ ለብሶ እንደኖረ አስረዳኝ። አዲስ አበባ እናቴ ቤት አጥር ላይ በቀይ ቀለም ምልክት የተደረገበት ጠዋት ትዝ አለኝ። ያኔም አንድ ጎረምሳ «እዚህ የሚኖረው ማነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ነበር ቀብቶ የሄደው። ለደላላው ይህን አልነገርኩትም። ሻይህን ጠጥተህ ሂድ አልኩት። አብረውኝ የሚያመልኩ ጓደኞቼም ባለሥልጣኖቹ የመኖሪያ ፈቃዴን እንዳያበላሹብኝ ፈርተው ዝም እንድል ለመኑኝ። ፍርሃታቸው ገብቶኛል፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ግን ዝም ብል አፌ የእኔ መሆኑ ይቀራል።

በችሎቱ ቀን ሰውዬው ቀድሞ ተናገረ። እሱ ሲመጣ ያየው ሣር ብቻ እንደሆነ፣ ሰው የሌለበት መሬት ደግሞ ሊያለማው ለሚችል እንደሚገባ ገለጸ። ሐቦባ ተነሡ። መጀመሪያ በባሪ ቋንቋ፣ ቀጥለው እኛም እንድንሰማ በጁባ ዓረብኛ ተናገሩ። እኔ በልቤ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ሆነልኝ፦

«ሣር አየሁ ያለው እውነቱን ነው። ተኩስ ሲበዛብን ልጆቻችንን አዝለን ሄድን። ሸሸን እንጂ አልሸጥንም።»

ቀጥሎ እኔ ተጠራሁ። የገበያ ዓረብኛዬ ሰው አሳቀ። ሰውዬው የማን ዜጋ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ስነግረው ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ ይህች ሐበሻ ስለ መሬታችን ምን ታውቃለች ብሎ ተሳለቀ።

ንዴቴ ፍርሃቴን ወሰደው።

«መሬቱን አላውቀውም» አልኩ። «ያስፈቀድኩትን ሰው ግን አውቃለሁ። እኔ መጤዋ ባለቤቱን ፈልጌ አስፈቅጃለሁ። እርስዎስ ማንን አስፈቀዱ?»

ሱልጣኑ መልስ እንዲሰጥ አዘዙት። ወረቀት እንዳለው ተናገረ። ሱልጣኑ የጠየቁት የሰው ስም እንደሆነ ነገሩት። እሱም አንድ ስም ሳይጠራ ወረቀቱን ዘረጋላቸው።

ቋሚዎቹ እንዲነሡ ተፈረደ። ሰውዬው ግን በዚህ አልቆመም፤ ከላይ ካሉት ባለሥልጣናት ዘንድ ሄዶ ወንዙን ተከትሎ ያለውን ሰፊ ማሳ አስወሰነ፣ አጠረውም። መንደሩና መቃብሩ ለባለቤቶቹ ቀሩ። ሙሉ ድል ነው አልልም። ሐቦባም አላሉትም፤ የተወሰደባቸውን ማሳ በስሙ እየጠሩ ለልጅ ልጆቻቸው ያሳዩ ነበር።

እኔም ዋጋዬን አገኘሁ። የንግድ ፈቃዴን ላሳድስ ቢሮ ስሄድ በዚያ ቦታ መሥራት እንደማልችል ተነገረኝ። ምክንያቱን የሚነግረኝ አልነበረም። ቆርቆሮዬን ነቅዬ ከድልድዩ ወዲህ ወዳለው የከተማው ሰፈር፣ ወደ ሃይ ማላካል ተሻገርኩ። ሴቶቹ ዕቃዬን ሲጭኑልኝ እያለቀሱ አልነበረም፣ ፈቃድ የከለከሉኝን እየተሳደቡ ነበር፤ እኔም ባጠናሁት ስድብ አገዝኳቸው።

አዲሱ ቤቴ ከተለመደ በኋላ ከሌላ መንደር ሁለት ሴቶች መጡ። ማሳቸው ላይ ቋሚ ተተክሏል፤ ዛፍ ሥር የተናገረችውን ሐበሻ ነው የሚፈልጉት። ስለ እነሱ መሬት የማውቀው ነገር እንደሌለ፣ ልመሰክር እንደማልችል ነገርኳቸው። አንደኛዋ፣ ብቻችንን እንዳንቆም ነው የመጣነው አለችኝ። ያ ደላላ ጥግ ላይ ምሳውን እየበላ ነበርና ተይ በሚል ጭንቅላቱን ነቀነቀብኝ። ሽርጤን ፈትቼ ወንበር ላይ ጣልኩና ቤቱን ለሠራተኛዬ ትቼ ከሴቶቹ ጋር ወጣሁ።