ገበያውን የሚገዛው ማን ነው?

እስካሁን ይቅር አላልኩትም፤ የንስሐ አባቴም ያውቃሉ።

በስደት በምንኖርበት በፍሌሚንግተን ሰፈር፣ ከፎቃችን ሥር ባለው አዳራሽ የዕድር ስብሰባ ነበር። ሰው ሲሞትብን የምንቀብረው በዚሁ ዕድር ነው። ኮምፒውተር የተማረ አንድ ጎልማሳ ተነሣና፣ የዕድሩ ገንዘብ ባንክ ተኝቶ ከሚቀር የአንድ ቴክኖሎጂ ኩባንያ አክሲዮን ይገዛበት አለ። ኩባንያው ገና ትንሽ ነው።

«ግን ምን አለ በሉኝ፣ ነገ ገበያውን የሚገዛው እሱ ነው!»

እጄን አወጣሁ። «ከማን ነው የሚገዛው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ገበያ ሊሸምት መስሎኝ፣ ለካ ሊነግሥበት ኖሯል።

«እማማ፣ እርስዎ ሽንኩርትዎን ይግዙ፤ ይሄን ለእኛ ይተዉት» አለኝ። አብረውኝ የተሰደዱት ሴቶች ሳይቀሩ ሳቁ።

ቃሉን ስቻለሁ፣ ይሳቅብኝ። ሽንኩርቱ ግን አንጀቴ ውስጥ ቀረ። ትራም ላይ መልሱን ሳሰላስል መውረጃዬን አልፌ ሄጃለሁ።

ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ልጄ» አልኩት ማር በመሰለ ድምፅ፣ «እንደሚነግሥ በምን አወቅህ?»

ደስ ብሎት አስረዳ። ሰው አንዴ ከለመደው አይለቀውም አለ፤ ደንበኛው በበዛ ቁጥር ሌላው ኩባንያ መግቢያ ያጣል አለ። ንግግሩ ያምር ነበር፣ አልዋሽም።

«ጎበዝ። አንተስ ገዛህ?»

«እኔማ... የቤት ዕዳ፣ ሞርጌጅ አለብኝ፣ ልጆች አሉ...»

«እኛስ ሬሳ አለብን! ትርፉ የጋራ፣ ፍርሃቱ የእኛ ብቻ ነው እንዴ? ለቤትህ የፈራኸውን በሬሳችን አትድፈር!»

ያው አዳራሽ አሁን በእሱ ሳቀ። ጆሮው ቀላ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ እስኪበቃኝ አየሁት። ድምፅ ሲሰጥ ለእሱ የወጣው እጅ የራሱ ብቻ ነበር።

ኩባንያው ግን አደገ። ዛሬ ሕፃን ሽማግሌው በስልኩ ይጠቀምበታል። ያ ጎልማሳ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጠብቆ ያዘኝ።

«አዩ እማማ? ያኔ ቢሰሙኝ ኖሮ!»

ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ ዙሪያችንን እስኪሞላ ነጠላዬን ሳስተካክል ቆየሁ። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«አየሁ ልጄ። አንተስ ራስህን ብትሰማው ኖሮ?»

አሁን ሲያየኝ በጓሮው በር ይወጣል። እኔም አንዳንድ እሑድ በጓሮው በር እቆማለሁ።